ከኮሪደሩ አልጋ እስከ አናፖሊስ፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በስቴት ሕግ ላይ ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ

አንዲት ትልቅ እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ራጅ ተነሱ፤ ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ የአጥንት ሐኪሙም አይቷቸው "ይተኙ" አለ። ፎቅ ላይ ግን አልጋ አልነበረም። ያን ሌሊትና ማግስቱን ኮሪደር ላይ፣ በጠባብ ባለጎማ አልጋ አሳለፉ። ልጃቸው በየሰዓቱ እየመጣች "ዶክተር፣ አሁንስ?" ትለኛለች። "እየሞከርን ነው እህቴ" እላታለሁ። አራተኛው ላይ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በሥራችን ቋንቋ ይህ ቦርዲንግ ይባላል። ተኝቶ እንዲታከም የተወሰነለት ሰው አልጋ እስኪገኝ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሲጠብቅ ማለት ነው። በቡና ሰዓት ስለ እሱ ያላማረረ ባልደረባ አላውቅም። እኔም ለዓመታት አማርሬያለሁ። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ምሬታችን ሕግ ውስጥ የሚገባው ገጽና መስመር ሲኖረው መሆኑ ነው። "ሥርዓቱ ተበላሽቷል" የሚል ሐኪም በአክብሮት ይደመጣል፤ ከዚያ ይረሳል። "ገጽ 3፣ መስመር 14 ላይ ያለችው ቃል ትቀየር" የሚል ሐኪም ግን እስክሪብቶ ያስነሳል።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ሐኪሞች ነው። ነርሶችም ብትሆኑ አብዛኛው ይሠራላችኋል። ምሳሌዬ ሜሪላንድ ናት፤ ሕግ አውጪዎቿ የሚሰበሰቡት ዋና ከተማዋ አናፖሊስ ነው። የምሠራው እዚህ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ደግሞ የኛ ሰው የሞላበት ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቀኖቹንና የኮሚቴዎቹን ስም በራሳችሁ ተኩ።

"እኔ ምን አገባኝ" ለምትሉ

ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተን መሥራት ለምደናል። አንዳንዶቻችን ገና ሬዚደንት፣ ማለትም በሥልጠና ላይ ያለን ሐኪሞች ነን፣ በቪዛ ነው ያለነው። ግሪን ካርድ ይዘን ዜግነት የምንጠብቅም አለን። "ሳልመርጥ እንዴት እናገራለሁ?" የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መልሱ አጭር ነው። ለሕግ አውጪ መጻፍ፣ ቢሮው ሄዶ ማነጋገርና ኮሚቴ ፊት መመስከር የዜግነት ወረቀት አይጠይቅም። ድምፅ መስጠት ነው ለዜጋ የተለየው። ገንዘብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ለምርጫ ዘመቻ መዋጮ መስጠት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ የስቴት ምርጫንም ይጨምራል። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ባደግንበት ባለሥልጣን ዘንድ መሄድ ደጅ መጥናት ነበር። ስጦታ ይያዛል፣ ሰው ይላካል፣ ይጠበቃል። እዚህ ያለው ሌላ ነው። እንደራሴው ቢሮ ስትገቡ ውለታ ልትለምኑ አይደለም። እሱ የማያውቀውን፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ምን እንደሚመስል ልትነግሩት ነው። ይህን ሊነግረው የሚችል ሌላ ሰው የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

ስቴት ላይ ለምን ትደክማላችሁ ለሚል ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። አንድ ሰው ደረቱን ሲያመው ልቡ መስሎት ይመጣል። ምርመራው ሲያልቅ ቃር ሆኖ ይገኛል። ኢንሹራንሱ "ድንገተኛ አልነበረም" ብሎ አልከፍልም ይላል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው "የአስተዋይ ተራ ሰው" መለኪያ ነው። የሚታየው የመጨረሻው ምርመራ ውጤት መሆኑ ይቀርና ሰውየውን ያስመጣው ሕመም ይታያል። ሕክምና ያልተማረ፣ ግን አስተዋይ የሆነ ሰው በዚያ ሕመም ቢደናገጥ ልክ ነው ወይ ይባላል። ይህን በሕግ ያጸደቀችው የመጀመሪያዋ ስቴት ሜሪላንድ ናት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። በ1997 የፌዴራሉ መንግሥት ለሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሚተዳደረው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች) ወሰደው። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ ደግሞ ለአብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች ተዘረጋ። አናፖሊስ ውስጥ የተጻፈች ሐሳብ ዛሬ በመላ አገሪቱ ሕመምተኞቻችንን ትጠብቃለች።

አንደኛ፦ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባችሁ። ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ገንዘብ አለውም የለውም መርምሮ ማረጋጋት የሚያስገድደው ሕግ ኤምታላ ይባላል። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ የስቴት እንደራሴ ሊቀይረው አይችልም። ከኢንሹራንስ መረብ ውጭ በሆነ ሐኪም ሳቢያ ለሕመምተኛ የሚላከውን ያልታሰበ ቢል የሚመለከተውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ሕግም በዋናነት የፌዴራል ነው።

የስቴቱ ብዙ ነው። የሐኪም ፈቃድ፣ ማን ምን ማከም እንደሚችል፣ የሕክምና ስህተት ክስ፣ የአእምሮ ሕመምተኛን ያለ ፈቃዱ ማቆየት፣ በጤና ባለሙያ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ቅጣቱ፣ የሜዲኬይድ አከፋፈል ትልቅ ክፍል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከሌላው ስቴት የተለየ ነገር አለ። ሆስፒታሎች የሚያስከፍሉትን ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ነው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች በዓመት አስቀድሞ በተወሰነላቸው ጠቅላላ በጀት ነው የሚሠሩት። ስለ አልጋ ብዛት የሚነሳ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ይደርሳል።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በሚያም መንገድ ነው። አንድ ኢንሹራንስ ለሕመምተኛዬ አልከፍልም አለ። ሳምንታት ወስጄ ማስረጃ ሰብስቤ ወደ አንድ እንደራሴ ቢሮ ሄድኩ። ረዳቱ በትሕትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ኢንሹራንሱ አሠሪው በራሱ ገንዘብ የሚሸፍነው ዓይነት ነው?" አላውቅም ነበር። ለካ ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች ኢንሹራንስ አይገዙም፤ ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። እንዲህ ያለው ዕቅድ በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ከስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ ውጭ ነው። ከቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት የሕመምተኛው የኢንሹራንስ ካርድ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ፍንጭ አለው።

ሁለተኛ፦ ጊዜውን እወቁ

የሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀምራል፤ ኤፕሪል ላይ፣ በ90ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ያበቃል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይጎርፋሉ። ማርች አጋማሽ ገደማ አንዱ ምክር ቤት ያሳለፋቸውን ረቂቆች ወደ ሌላው ማሻገሪያ ቀን አለ። ያን ቀን ያላለፈ ረቂቅ የመጽደቅ ዕድሉ በጣም ይመነምናል።

ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በጋ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ በጋ፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር። ሕግ አውጪዎቹ የሙሉ ጊዜ ፖለቲከኞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ኦገስት ላይ በሰፈራቸው ቡና ቤት ግማሽ ሰዓት ይሰጧችኋል። ፌብሩዋሪ ላይ ኮሪደር ላይ ሁለት ደቂቃ ካገኛችሁም ዕድለኛ ናችሁ።

አንድ ተግባራዊ ምክር። ኖቬምበር ላይ ሺፍት የሚያወጣውን ሰው አነጋግሩና በፌብሩዋሪና በማርች የተወሰኑ የሥራ ቀናት ነፃ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ሂሪንጉ፣ ማለትም ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ፣ የሚታወጀው በጥቂት ቀናት ልዩነት ነው። ያኔ ሺፍት መለዋወጥ ጭንቅ ነው። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታችሁ በቀጥታ ለመመስከር አትሂዱ። አድርጌው አውቃለሁ፤ የምወደውን ሐሳብ መሀል ላይ ረሳሁት።

ሦስተኛ፦ አራቱን ሰዎቻችሁን አግኙ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ

ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳ አላት። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት እንደራሴ አለው፤ አንዳንዱ ወረዳ ለእንደራሴዎች በንዑስ ይከፈላል። የጠቅላላ ጉባኤው ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን አድራሻ ስታስገቡ ስማቸው ይወጣል። የሆስፒታሉንም አድራሻ አስገቡ። በወረዳው ያለ ሆስፒታል ለእንደራሴው ትልቅ አሠሪም ነው፤ የመራጮቹ መታከሚያም ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሐኪም የሚናገረው ይከብዳል።

ከዚያ ማኅበር። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1968 የተመሠረተ ሲሆን በየስቴቱ ቅርንጫፍ አለው። የሜሪላንድ ሐኪሞች ማኅበር፣ ሜድካይ የሚባለው፣ ከ1799 ጀምሮ ያለ ነው። የስቴት ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ ሎቢስት፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን የሚያግባባ ተቀጣሪ አላቸው፤ የትኛው ረቂቅ የት እንደደረሰ በየሳምንቱ ያውቃል። ኮሚቴያቸው ውስጥ ገብታችሁ በወር አንዴ በስልክ ስብሰባ መሳተፍ ከብዙ የብቻ ድካም ይሻላል። ማኅበሩ የያዘውን አቋም ሳታውቁ ሄዳችሁ ተቃራኒውን ብትናገሩ ደግሞ ሁለታችሁም ትዳከማላችሁ። ልዩነት ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከዚያ በራሳችሁ ስም ተናገሩ።

ነርሶችን፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎችንና የሕመምተኛ ቤተሰቦችን አትርሱ። ኮሚቴው ፊት ሦስት ሐኪም ተሰልፎ አንድ ነገር ከሚደግም አንድ ሐኪም፣ አንድ ነርስና አንዲት ልጅ እናቷ ኮሪደር ላይ ያደሩባት ቢቀመጡ ክፍሉ ፀጥ ይላል።

አሠሪያችሁንም አሳውቁ። ፈቃድ የምትጠይቁት ሐሳብ እንዲኖራችሁ አይደለም። የሆስፒታሉን ስም፣ አርማ፣ ባጅና ቁጥር ለመጠቀም ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ "የምናገረው በራሴ ስም ነው" ብላችሁ ጀምሩ፤ ባጁን ኪሳችሁ ክተቱ። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ እንደ ሎቢስት መመዝገብ ሊያስፈልግ ይችላልና የስቴቱን የሥነ ምግባር ኮሚሽን ጠይቁ።

አራተኛ፦ ረቂቁን ራሳችሁ አንብቡ

ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ ይጠቅማል። የሰማችሁትን ማጠቃለያ፣ የባልደረባችሁን ኢሜይል አትመኑ። ረቂቁን አውርዳችሁ አትሙ።

የሜሪላንድ ረቂቅ የራሱ አነባበብ አለው። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈው ወደ ነባሩ ሕግ የሚጨመር አዲስ ቃል ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነባሩ ሕግ የሚሰረዝ ነው። ከሥሩ የተሰመረበት በሂደት የገባ ማሻሻያ ነው፤ የተሰረዘበት ደግሞ በማሻሻያ የወጣ። በየገጹ ዳር የመስመር ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ነው መሣሪያችሁ።

ስታነቡ ሁለት ቃል ፈልጉ፦ "አለበት" እና "ይችላል"። ሆስፒታሎች የሚጠባበቁ ሕመምተኞችን ቁጥር ሪፖርት "ሊያደርጉ ይችላሉ" የሚል ሕግ ምንም አያደርግም። "ማድረግ አለባቸው" የሚል ግን ሁሉን ይቀይራል። ትርጓሜ የሚሰጠውንም ክፍል አትዝለሉ። "ድንገተኛ ክፍል" ሲል ከሆስፒታሉ ውጭ ያሉትን ይጨምራል? "የጤና ሠራተኛ" ሲል የጥበቃ ሠራተኛውን፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠችውን ልጅ ያካትታል? ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚሰደቡትና የሚገፉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ የበጀትና የፖሊሲ ማስታወሻውን ክፈቱ። ገለልተኛ የሆኑ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ናቸው የሚያዘጋጁት። ረቂቁ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ቋንቋ ያብራራል፤ ነባሩ ሕግ ምን እንደሚል ያስታውሳል፤ ለስቴቱ ስንት እንደሚያስወጣም ይገምታል። ኮሚቴው የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ግማሹን እዚያ ታገኙታላችሁ። "ወጪ የለውም" የሚል ከሆነ በምስክርነታችሁ ጥቀሱት። ብዙ ሚሊዮን የሚል ከሆነ ደግሞ መልስ ሳትይዙ አትሂዱ።

አምስተኛ፦ አንድ ገጽ ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከላይ የረቂቁ ቁጥርና አቋማችሁ ይሁን። ሜሪላንድ ውስጥ አራት ምርጫ አላችሁ፦ ድጋፍ፣ ከማሻሻያ ጋር ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ መረጃ ብቻ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጥያቄያችሁ ይሁን፤ ገጽና መስመር ያለው። ከዚያ አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምክንያት።

ሕመምተኛው ላይ ልቆይ። የግላዊነት ሕጉ፣ ሂፓ፣ ሰውን ሊያስለዩ የሚችሉ 18 ዓይነት መረጃዎችን ይዘረዝራል። ስም ብቻ አይደለም፤ ቀን፣ የሰፈር ስም፣ ፎቶ፣ ከ89 በላይ የሆነ ዕድሜ ሁሉ አለበት። በኛ ሰው መሀል ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። "አንዲት የኢትዮጵያ እናት፣ ባለፈው ገና ሰሞን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ" ካላችሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግማሹ ሰው ያውቃቸዋል። ወይ ማንነታቸው በምንም እንዳይለይ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ወይ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ከሁሉ የሚሻለው ቤተሰቡ ራሱ መጥቶ ቢናገር ነው።

ቁጥር ላይ አትብዙ። አንድ የታወቀ ቁጥር ይበቃል። ለምሳሌ ስለ ጥቃት ከሆነ፣ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 ባደረገው ጥናት ግማሽ የሚጠጉት ሐኪሞች ሥራ ላይ ተመትተው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይህን ከራሳችሁ አንድ ሌሊት ጋር አጣምሩት። የሆስፒታላችሁን የውስጥ ቁጥር ግን ያለ ፈቃድ አታውጡ።

የሙያ ቃላቱንም አጽዱ። "ቦርዲንግ" ብላችሁ አትለፉ፤ "ተኝቶ እንዲታከም ተወስኖለት አልጋ ያጣ ሰው" በሉ። እንደራሴው መምህር ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃ ወይም ገበሬ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፦ ቢሮው ውስጥ

ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ ረዳቱ ነው፤ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል። እንዳትናቁት። ለእንደራሴው የሚቀርበውን ወረቀት የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አስራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷችሁ ከሆነ በአምስቱ ጨርሱ፤ ቀሪው ለጥያቄ ይሁን።

በመጀመሪያ ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትኖሩ ተናገሩ። ከዚያ ታሪኩ፣ በአንድ ደቂቃ። ከዚያ መስመሩ። ከዚያ በቀጥታ ጠይቁ፦ "ይህን ማሻሻያ ይደግፉታል?" ይህችን ጥያቄ ብዙዎቻችን እናፍራታለን። ሰው ፊት ለፊት ማስጨነቅ ነውር ይመስለናል። እዚህ ግን የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ካልጠየቃችሁ ለምን እንደመጣችሁ አይገባቸውም። "ላስብበት" ካሉ "ምን መረጃ ቢኖር ይረዳዎታል?" በሉ።

የማታውቁትን ተጠየቃችሁ? "አሁን አላውቅም፤ ነገ እልክልዎታለሁ" በሉና ነገ ላኩ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር የሰጠ ሐኪም ሁለተኛ አይታመንም። ስጦታ አትያዙ፤ የተቆላ ቡና እንኳ። የስጦታ ሕግ አለባቸው፤ ታስጨንቋቸዋላችሁ። የምርጫ መዋጮ ወሬና የረቂቅ ወሬም በአንድ ስብሰባ አይነሱ።

ጉባኤው በማይሰበሰብበት ወቅት ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍላችሁ ጋብዟቸው። ሆስፒታሉ ይፍቀድ፤ የሕመምተኞች ግላዊነት ይጠበቅ። ኮሪደሩን በዓይኑ ያየ ሰው ወረቀት ብዙ አያስፈልገውም። ሜድካይ በጉባኤው ሰሞን ጉባኤው በሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ በስቴት ሐውስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሐኪሞችንም ይመድባል። አንድ ቀን እዚያ መዋል ሕንፃውንም ሰዎቹንም ያለማምዳል።

ሰባተኛ፦ ሁለቱ ደቂቃዎች

የኮሚቴው የአስተያየት መስሚያ ስብሰባ፣ ሁላችንም ሂሪንግ የምንለው፣ ሕዝብ የሚናገርበት ቦታ ነው። በጽሑፍ የምትሰጡትን ምስክርነትም ሆነ የመናገር ምዝገባውን በጠቅላላ ጉባኤው ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ ነው የምታስገቡት። የምዝገባው ሰዓት ጠባብ ነው፤ ካለፈ አለፈ። የእያንዳንዱን ኮሚቴ መመሪያ ቀድማችሁ እዩ። የመናገሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። የምትጠብቁት ግን ሰዓታት ሊሆን ይችላል፤ ውሃና ብስኩት ያዙ።

የጻፋችሁትን አታንብቡ፤ እጃቸው ላይ አለ። ለሌለ ረቂቅ፣ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁት ይኸውና፦

"ክብርት ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ። የምናገረው በራሴ ስም ነው። ረቂቁን ከአንድ ማሻሻያ ጋር እደግፋለሁ። አንዲት እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ቆይተውብኛል። ሽንት ቤት ለመሄድ መጋረጃ የያዘችላቸው ልጃቸው ናት። በዚያ ሌሊት ስንት ሰው እንዲህ እንደጠበቀ ማንም ከሆስፒታሉ ውጭ አያውቅም፤ የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ። ገጽ 3፣ መስመር 14 ሆስፒታሎች ይህን ሪፖርት 'ሊያደርጉ ይችላሉ' ይላል። 'ማድረግ አለባቸው' እንዲባል እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ ዝግጁ ነኝ።"

ከሁለት ደቂቃ በታች ነው፤ በሰዓት ለክቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። አነጋገራችሁ የሐበሻ ቅላጼ አለው ብላችሁ አትጨነቁ። ቀስ በሉ፤ ይሰሟችኋል።

ተቃራኒው ወገን ሲናገር ፊታችሁን አታጥቁሩ። የሆስፒታሉ ማኅበር ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያው ሰው የዛሬ ተቃዋሚያችሁ ቢሆንም በሌላ ረቂቅ ላይ ነገ አጋራችሁ ነው።

መቃወም ሲኖርባችሁ

"አይሆንም" ብቻ ይዞ የሄደ ሐኪም ብዙ አይራመድም። ዋሽንግተን ስቴት የሆነውን ልንገራችሁ። ዲሲን ማለቴ አይደለም፤ ሲያትል ያለባትን ነው። በ2011 የስቴቱ ሜዲኬይድ አንድ ሰው በዓመት ከሦስት በላይ "ድንገተኛ ላልሆነ" ሕመም ድንገተኛ ክፍል ከመጣ አልከፍልም አለ። ድንገተኛ አይደሉም የተባሉት የምርመራ ስሞች 700 ገደማ ነበሩ፤ የደረት ሕመም ሳይቀር። የድንገተኛ ሐኪሞች ቅርንጫፍ ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ረታ። ስቴቱ በ2012 መጀመሪያ ከዚያ የባሰ ነገር ይዞ ተመለሰ፤ አላስፈላጊ የተባለ ጉብኝት በሙሉ፣ አንድም ቢሆን፣ አይከፈልበትም አለ።

እዚህ ላይ ነው ሐኪሞቹ ያደነቅኳቸው። ስቴቱ ገንዘብ ማዳን ነበረበት፤ ይህን አልካዱም። ከሆስፒታሎች ማኅበርና ከስቴቱ የሐኪሞች ማኅበር ጋር ተቀምጠው ሌላ መንገድ ጻፉ። ሰባት አሠራሮች ነበሩ። ሆስፒታሎች ስለሚመላለሱ ሕመምተኞች በኮምፒውተር መረጃ እንዲለዋወጡ፣ ለእነሱ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣ፣ የሚያደነዝዙ ማስታገሻዎች በወጥ መመሪያ እንዲታዘዙ የመሳሰሉት። ሕግ አውጪው የክፍያ ክልከላውን ትቶ ይህን ተቀበለ። ስቴቱ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር እንዳዳነ፣ የሜዲኬይድ ሕመምተኞች የድንገተኛ ክፍል ጉብኝትም 9.9 በመቶ እንደቀነሰ ዘገበ። ማንም ሕመምተኛ ደረቱን ይዞ ቤቱ እንዲቀር አልተደረገም።

ስለዚህ መጥፎ ረቂቅ ስታዩ መጀመሪያ "ይህን የጻፈው ሰው ምን ቸግሮት ነው?" በሉ። ችግሩ እውነተኛ ከሆነ የእናንተን መስመር ጻፉለት።

ስምንተኛ፦ ድምፁ ከተሰጠ በኋላ

በ24 ሰዓት ውስጥ አመስግኑ፤ የተቃወማችሁንም ሰው ጭምር። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያሳለፉት ቃል አንድ ዓይነት መሆኑን ተከታተሉ። "አለበት" ያላችሁት ቃል በመጨረሻው ሳምንት ተመልሶ "ይችላል" ሊሆን ይችላል። አገረ ገዥው ከፈረመ በኋላ የሚጸናበትን ቀን እዩ፤ ብዙዎቹ የሜሪላንድ ሕጎች ኦክቶበር 1፣ አንዳንዶቹ ጁላይ 1 ላይ ነው የሚጸኑት።

ረቂቁ ከሞተ አትደንግጡ። በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ብዙ ጥሩ ሕጎች በሦስተኛና በአራተኛ ሙከራ ነው ያለፉት።

ካለፈ ደግሞ ሥራው ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ዝርዝሩን የሚያወጣው የጤና መሥሪያ ቤቱ ወይም ኮሚሽኑ ነው፤ ደንቡ ሲረቀቅ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል። እዚያ የሚመጣ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የመጣው ይሰማል። በሜሪላንድ የድንገተኛ ክፍል መጠበቂያ ጊዜ በአገሪቱ ካሉት ረጃጅሞች አንዱ ነው ሲባል ዓመታት አልፈዋል። በ2024 ጠቅላላ ጉባኤው ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። ኮሚሽን ማቋቋም አልጋ መጨመር አይደለም። ግን ጠረጴዛ ነው፤ ስብሰባዎቹን ተከታተሉ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ላኩ።

ሕጉ በሚጸናበት ቀን አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ በነርሶች ክፍል ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፦ ምን ተቀየረ፣ ማን ማድረግ አለበት፣ ካልተደረገ ለማን ይነገራል። ከዚያ ኖቬምበር ላይ፣ አዲሱ ጉባኤ ሳይጀመር፣ ለዚያ ረዳት ደውሉ። ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ምን እንደቀየረ፣ ምን እንዳልቀየረ፣ የትኛው መስመር እንደጎደለው ንገሩት።